አንድ ፎቶ ላይ የተደራረቡ ሳጥኖች፦ ፊቱ ለምን ይሰበርብኛል?

ደብዛዛ_ፒክስል፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፎቶሾፕ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። ጥያቄዬ ቀላል ከሆነ አትሳቁብኝ።

አንድ ፎቶ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ብስክሌት ላይ ሆኖ ወደ ካሜራው እየሳቀ። ይሄ ፎቶ በብዙ ትንንሽ ካርዶች ታትሞ ጠረጴዛ ላይ የተበተነ እንዲመስል እፈልጋለሁ። ነጭ ጠርዝ ያላቸው ሳጥኖች፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተጋደመ፣ ትንሽ ትንሽ የተጣመሙ፣ ከስራቸው ጥላ ያላቸው። ከራቅ ብሎ ለሚያየው ግን አንድ ሙሉ ፎቶ።

በአራት ማዕዘን መምረጫው ከፎቶው ላይ ቁራጭ መረጥኩ። ኮንትሮል ጄ ብዬ ለብቻው ሌየር (እንደ መስታወት አንዱ ባንዱ ላይ የሚደረደር ንብርብር) ላይ አወጣሁት። ከዚያ ኮንትሮል ቲ ብዬ ትንሽ አዞርኩት። እንዲህ እያልኩ 15 ቁራጭ ሠራሁ። ውጤቱ ጉድ ነው። ወንድሜ አፍንጫው ሁለት ሆኗል። የብስክሌቱ ጎማ ደግሞ ተሰብሮ በማስቲሽ የተጠጋገነ ሳህን መስሏል።

ሳላዞር ስተወው ሁሉም ይገጥማል። ያኔ ግን ሳጥን መሆኑ ራሱ አይታወቅም። ምኑን ነው የተሳሳትኩት?

ባለ_መቀስ፦

ወንድሜ፣ ያዞርከው ፎቶውን ነው። መዞር ያለበት መስኮቱ ነው።

እንዲህ አስበው። ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል። እጅህ ላይ ደግሞ መሃሉ የተቀደደ ካርቶን አለ። ካርቶኑን ብታጣምመው፣ ከፍ ዝቅ ብታደርገው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ንቅንቅ አይልም። በቀዳዳው የሚታይህ ክፍል ብቻ ይቀያየራል። አንተ ግን ግድግዳውን ቆርሰህ ነው ያዞርከው። አፍንጫ የበዛው ለዚህ ነው።

ፎቶሾፕ ላይ ካርቶኑ ክሊፒንግ ማስክ ነው። ከታች ያለው ሌየር ቅርጹን ይሰጣል፣ ከላይ ያለው ፎቶ በዚያ ቅርጽ ውስጥ ብቻ ይታያል።

አዲስ ባዶ ሌየር ክፈት። ሳጥን የሚያህል አራት ማዕዘን ምረጥና በጥቁር ሙላው። ቀለሙ ለውጥ የለውም፣ በኋላ ፎቶው ይሸፍነዋል። ከሱ ስር ሌላ ሌየር ጨምርና እዚያ ላይ በየጎኑ ትንሽ የሚተርፍ ነጭ አራት ማዕዘን ሥራ። ነጩ ፍሬምህ ነው። ድሮፕ ሻዶውም (ጥላው) ነጩ ላይ ይሁን። ቀጥሎ የፎቶውን ኮፒ ከጥቁሩ በላይ አምጣና አልት ኮንትሮል ጂ በል። ማክ ላይ ከሆንክ ኦፕሽን ኮማንድ ጂ። ሌየር ፓነሉ ላይ ፎቶው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ይልና ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ይወጣበታል። ቀስቱ ካልታየህ አልገባም ማለት ነው።

አሁን ኮንትሮል ይዘህ ጥቁሩንና ነጩን ምረጥ። ሁለቱን ብቻ። ፎቶውን እንዳትነካው። ኮንትሮል ቲ በልና አዙር። ሳጥኑ ይጣመማል፣ ወንድምህ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ሲያምርህ ሦስቱን ሌየር ኮንትሮል ጂ ብለህ ግሩፕ አድርጋቸው። ግሩፑን በኮንትሮል ጄ አባዛው። አዲሱ ግሩፕ ውስጥ ገብተህ እንደገና ሁለቱን ሳጥኖች ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዳቸው። ከዚያ በኋላ ያለው መደጋገም ብቻ ነው።

ጠርዙን በስትሮክ (ሌየሩን ዙሪያውን በሚያሰምረው ስታይል) ልሥራ ካልክ፣ ስትሮኩ ወደ ውጭ ከሆነ ማዕዘኖቹ ክብ ይሆኑብሃል። ወደ ውስጥ ሲሆን ነው ሹል የሚሆኑት። እኔ ይሄን ሁሉ ከማስታውስ ሁለት አራት ማዕዘን እሠራለሁ።

ደብዛዛ_ፒክስል፦

እህት ነኝ :) ግን ችግር የለም።

የካርቶኑ ምሳሌ አንጀቴን ነው ያራሰው። ወዲያው ሞከርኩት፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳጥኖች ልክ እንዳልከው ሆኑ። አንድ አፍንጫ!

ስድስተኛው ላይ ግን ሳጥኑን በማውዝ ይዤ ስጎትት ሳጥኑ እዚያው ቀርቶ ፎቶው ከውስጡ ተንሸራተተ። ኮንትሮል ዜድ ብዬ መለስኩት። ስሞክር አሁንም ያው። ምን ነክቼ ይሆን?

ሦስተኛው_ሌየር፦

ኦቶ ሰሌክት በርቶብሻል። ሙቭ ቱሉን ስትይዢ ከላይ ባለው አሞሌ በግራ በኩል ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን አለች፣ እሷ ናት። እሷ ከበራች ፎቶሾፕ ፓነሉ ላይ የመረጥሽውን ትቶ ማውዝሽ ያረፈበትን ይይዛል። ማውዝሽ ያረፈው ደግሞ ፎቶው ላይ ነው። አጥፊያት።

ለወደፊቱም እንዳይደገም የፎቶውን ሌየር ምረጪና ፓነሉ ላይ ካሉት የመቆለፊያ ምልክቶች አራት ቀስት ያለውን ተጫኚ። ቦታውን ብቻ ይቆልፋል። ይሄን ግሩፑን ከማባዛትሽ በፊት አድርጊው። ኮፒዎቹ ተቆልፈው ይወለዳሉ።

ባለ_መቀስ፦

ይቅርታ እህቴ። ስለ መቆለፊያው ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ኦቶ ሰሌክትን ካጠፋሁት ብዙ ዘመን ስለሆነው መኖሩንም ረስቼዋለሁ።

ጊምፐኛ፦

እኛ ጊምፕ (እንደ ፎቶሾፕ ያለ ሌላ ፕሮግራም) የምንጠቀመውስ ምን በደልን? እኔ የምሠራበትን ልንገራችሁ፣ ለሌላ አንባቢም ይጠቅማል።

ጊምፕ ላይ ነገሩን ገልብጬ ነው የምሠራው። መጀመሪያ የማዞረው መምረጫውን ነው፤ ገና ምንም ሳይቆረጥ። በአራት ማዕዘን መምረጫ የፍሬሙን ሙሉ መጠን እመርጣለሁ። ከዚያ የማዞሪያውን መሣሪያ አነሳለሁ። በመሣሪያው አማራጮች አናት ላይ ምን እንደሚዞር የሚጠይቁ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፦ ሌየሩ ወይስ ሰሌክሽኑ (መምረጫው)። ሰሌክሽኑ የሚለውን ካልመረጣችሁ ያው የሁለት አፍንጫው ታሪክ ይደገማል።

ሰሌክሽኑ ሲጣመም አዲስ ሌየር ከፍቼ በነጭ እሞላዋለሁ። ቀጥሎ ሰሌክሽኑን በ20 ፒክስል አጠበዋለሁ። ወደ ፎቶው ሌየር ሄጄ ኮፒ አደርግና እዚያው በነበረበት ቦታ እንደ አዲስ ሌየር እለጥፈዋለሁ። አለቀ። ጥላውን ለነጩ ሌየር ብቻ ከፊልተሮቹ ውስጥ እጨምራለሁ።

ለምን ከትልቁ ጀምሬ እንደማጠብ ልንገራችሁ፣ አንድ ቀን ሙሉ አቃጥሎኛል። መጀመሪያ ከትንሹ እየጀመርኩ ሰሌክሽኑን አሰፋው ነበር። ጊምፕ ሲያሰፋ ማዕዘኖቹን ክብ ያደርጋቸዋል። ሁሉም ፍሬሞቼ የሳሙና ቅርጽ ሆነው አረፉት። ሲጠብ ግን ማዕዘኑ ሹል እንደሆነ ይቀራል።

ጉድለቱን አልደብቅም። የለጠፋችሁትን ሳጥን በኋላ ማንቀሳቀስ አይቻልም፣ ፎቶው አብሮት ይሄዳል። ቦታው ካልተስማማችሁ አጥፍታችሁ አዲስ መሥራት ነው። ጥላው ግን በ2025 ከወጣው 3.0 ወዲህ ከሌየሩ ጋር ተንጠልጥሎ ስለሚቆይ በኋላም ይስተካከላል። በ2.10 አንዴ ከተሠራ ተሠራ ነው።

የሌሊት_ወፍ፦

እኔን አንድ ነገር አልገባኝም። ፎቶው ካልተንቀሳቀሰ ይሄ ሁሉ ኮፒ ለምን አስፈለገ? አንድ ፎቶ አስቀምጬ ከላዩ ባዶ ነጭ ፍሬሞችን ብስል አይበቃም? መሃላቸው ክፍት የሆኑ ማለቴ ነው።

ባለ_መቀስ፦

ሁለት ፍሬም ስለህ አንዱን ባንዱ ላይ አድርጋቸው። መደራረቢያው ላይ ምን አየህ? የታችኛው ነጭ መስመር በላይኛው ሳጥን መሃል ሰንጥቆ ያልፋል። የታችኛው ካርድ በላይኛው መሸፈን ነበረበት፣ ግን የላይኛው ክፍት ስለሆነ ምንም አይሸፍንም። ሃያ ስታደርጋቸው ወንድሟ የሽቦ አጥር ውስጥ የቆመ ይመስላል። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ኮፒ የሚይዘው የስሩን እንዲጋርድ ነው።

ሦስተኛው_ሌየር፦

ኮፒ የግድ አይደለም ግን። የሌሊት_ወፍ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ናክአውት የሚባል ነገር አለ። ጥቁሩን ሳጥን ሁለቴ ክሊክ አድርጉና የሌየር ስታይሉ ይከፈት። ብሌንዲንግ ኦፕሽንስ የሚለው ውስጥ፣ አድቫንስድ በሚለው ክፍል፣ ፊል ኦፓሲቲን (የሳጥኑ ቀለም ምን ያህል እንደሚታይ የሚወስነውን) ወደ 0 አውርዱት። እዚያው ስር ያለውን ናክአውት ዲፕ በሉት። ሳጥኑ ከስሩ ያለውን ሁሉ በስቶ ባክግራውንድ ሌየሩን (ከሁሉም ስር ተቆልፎ ያለውን) ያሳያል። የታችኞቹን ፍሬሞችም ጥላዎቻቸውንም አብሮ ይበሳል፣ ስለዚህ አጥር አይታይም። የላይኛው ካርድ ጥላ ግን በታችኛው ላይ እንደሚገባው ያርፋል።

ስለዚህ ፎቶው አንዴ ብቻ ባክግራውንድ ላይ ይቀመጣል። ሳጥን ማለት ሁለት ሌየር ብቻ ይሆናል፦ ነጭና ቀዳዳ። ሁለቱን በሊንክ ካያያዛችኋቸው እንደፈለጋችሁ ጎትቱ፣ አዙሩ። ሊንሸራተት የሚችል ፎቶ የለም።

ሌላም ጥቅም አለው። ባለ 4000 በ3000 ፒክስል ፎቶ በ8 ቢት ሳይጨመቅ 36 ሜጋባይት ነው። ሃያ ኮፒ ብትሉት 720። ኮምፒውተራችሁ አሮጌ ከሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ባለ_መቀስ፦

ስንት ዓመት ፎቶሾፕ ስጠቀም ያቺን ዝርዝር በየቀኑ እያየሁ አንድ ቀን ነክቻት አላውቅም። ልሞክርና እመለሳለሁ። ብዙም አላመንኩህም።

ባለ_መቀስ፦

ሞከርኩ። አልሠራም። ፎቶው መታየት ባለበት ቦታ ግራጫና ነጭ የዳማ ሰሌዳው ነው የሚታየኝ።

ሦስተኛው_ሌየር፦

የባክግራውንዱን ቁልፍ ከፍተሃል ማለት ነው። አንዴ ክሊክ ስታደርገው ሌየር ዜሮ ሆኖ ተራ ሌየር ይሆናል። ናክአውት ባክግራውንድ ካጣ እስከ ባዶው ድረስ ይበሳል። ሌየሩን ምረጥና ሌየር፣ ኒው፣ ባክግራውንድ ፍሮም ሌየር በል።

ባለ_መቀስ፦

ልማድ ሆኖብኝ ፋይል እንደከፈትኩ መጀመሪያ የማደርገው ቁልፉን መክፈት ነው። አሁን ሠራ። ቃሌን አነሳለሁ።

ደብዛዛ_ፒክስል፣ ካልዘገየ በዚህ ሥሪ። የኔ መንገድ ስህተት አይደለም፣ ክሊፒንግ ማስክን ማወቅሽ ለሌላም ይጠቅምሻል። ለዚህ ሥራ ግን ይሄኛው ቀላል ነው።

ደብዛዛ_ፒክስል፦

ከዜሮ ጀመርኩ፣ 18 ሳጥን ደረስኩ። ፋይሉ በጣም ቀለለ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ከሳጥኖቹ ውጭ ያለው ክፍልም ያው ጥርት ያለ ፎቶ ስለሆነ ሳጥኖቹ ጎልተው አይወጡም። ሁለተኛ፣ ሦስቱ ሳጥኖች ጥላቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚወድቀው። አቅጣጫውን ግን ለሁሉም አንድ ነው ያደረግኩት፣ እምላለሁ።

ሦስተኛው_ሌየር፦

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ባክግራውንዱን በኮንትሮል ጄ አንዴ ኮፒ አድርጊው፣ ኮፒው ከሁሉም ሳጥኖች ስር ይሁን። እሱን አደብዝዢው፣ ወይ ጥቁርና ነጭ አድርጊው፣ ወይ አጨልሚው። ናክአውት ኮፒውንም በስቶ አልፎ ከስር ያለውን ጥርት ያለውን ያወጣል። እኔ ቀለሙን ቀነስ አድርጎ ትንሽ ማጨለሙን እወዳለሁ። በጣም ከደበዘዘ ካርዶቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። አንቺ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ነው የፈለግሽው።

ስለ ጥላው፣ እነዚያን ሦስቱን ስማርት ኦብጀክት (ሌየሩን እንዳለ ውስጡ አሽጎ የሚይዝ ሌየር) አድርገሻቸዋል ወይ? ወይም ጥላውን ከሌየሩ ጋር አዋህደሻል?

ደብዛዛ_ፒክስል፦

አዎ! ነጩን ሳጥን ሳሳንስና ሳተልቅ ጥራቱ እንዳይበላሽ ብዬ ስማርት ኦብጀክት አደረግኳቸው። የሆነ ቦታ ሁልጊዜ እንዲህ አድርጉ የሚል አንብቤ ነበር።

ሦስተኛው_ሌየር፦

እሱ ነው። ጥላው የሌየር ስታይል ሆኖ እስካለ ድረስ ሳጥኑን ብታዞሪውም ጥላው አይዞርም። ብርሃኑ ከመጣበት አቅጣጫ አንጻር እንደገና ይሰላል። ጥላ ያለውን ሌየር ስማርት ኦብጀክት ስታደርጊው ግን ጥላው ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ከዚያ ስታዞሪው እንደ ሥዕል አብሮ ይዞራል። አጥፊያቸውና ከሌላ ሳጥን ኮፒ አድርጊ። ነጭ አራት ማዕዘን ነው፣ የሚበላሽ ጥራት የለውም። መጠኑ በጣም ከቀያየረብሽ በሼፕ መሣሪያው ሳዪው።

ጊምፐኛ፦

በጊምፕ 2.10 ለምትሠሩ፣ ጥላው ፒክስል ስለሆነ ያው ነገር ይገጥማችኋል። መጀመሪያ አዙሩ፣ በመጨረሻ ጥላ።

የሌሊት_ወፍ፦

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ዴቪድ ሆክኒ የሚባለው ሠዓሊ በ1982 ይሄንኑ ነገር በእውነተኛ የፖላሮይድ ካርዶች (ካሜራው ወዲያው አትሞ በሚያወጣቸው ፎቶዎች) ሠርቶታል። አንድን ሰው ወይም ክፍል ቁራጭ በቁራጭ እያነሳ ካርዶቹን ጎን ለጎን ደረደራቸው። ነጭ ጠርዛቸውን አልቆረጠም፣ እንዳለ ተወው። ቁራጮቹም እርስ በርስ በትክክል አይገጥሙም። እያንዳንዱ ለብቻው በሌላ ቅጽበት የተነሳ ነዋ። አለመግጠሙ ነው ሕይወት የሰጠው።

ለማለት የፈለግኩት፣ የደብዛዛ_ፒክስል የመጀመሪያ ሙከራ ባይጣል ጥሩ ነው። ሁለት አፍንጫው ላይ አልከራከርም። ጎማው ግን ተሰባብሮ ቢታይ የሚዞር ይመስላል እኮ።

የፖላሮይዱን ቅርጽ በትክክል ለምትፈልጉ፣ የጥንቱ ካሬ ካርድ ወርዱ 88፣ ቁመቱ 107 ሚሊሜትር ነው። ምስሉ ወደ 79 ሚሊሜትር የሚጠጋ ካሬ ነው። በፒክስል ነጩን 880 በ1070 ብታደርጉት፣ ቀዳዳው 790 በ790፣ በጎንና በላይ 45 ይተርፋል። ቀሪው 235 ሁሉ ከታች። የታችኛው ጠርዝ እንዲያ የሰፋው ለውበት ብቻ አይደለም። ፎቶውን የሚያጥበው ኬሚካል በትንሽ ከረጢት ታሽጎ የተቀመጠው እዚያ ነበር።

ባለ_መቀስ፦

ያ ሰፊ ጠርዝ መልክ ይሰጣል፣ ግን ፎቶውን ይበላል። 18 ሳጥን ላይ 235 ፒክስል ነጭ ብትጨምሪበት ወንድምሽን ፈልጊው። ከፈለግሽ መጠኑን ግማሽ አድርጊው። ወይም እኩል ጠርዝ ይሁን፣ ማንም አይከስሽም።

ስለ አቀማመጡ ትንሽ ልበል። ብዙ ሰው ሳጥኖቹን እኩል አድርጎ እንደ ጡብ ይደረድራቸዋል። ፊቱ ላይ አንድ ተለቅ ያለ ሳጥን አድርጊ፣ ከሁሉም በላይ ይሁን፣ ብዙም አይጣመም። የሌሎቹን መጠን አበላልጪ። አንዱን ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ እያፈራረቅሽ አትሂጂ፣ ሁለት ሦስቱ ወደ አንድ ጎን ይዘንበሉ። ከ10 ዲግሪ በላይ የተጣመመ ሁለት ሦስት ይበቃል። የሳጥን ጠርዝ ደግሞ ዓይን ላይ አይረፍ። ጆሮ ላይ ይሁን፣ ፀጉር ላይ ይሁን፣ ግድ የለም። ዓይን ላይ ካረፈ ግን ሰውዬው የታመመ ይመስላል።

ደብዛዛ_ፒክስል፦

የፊቱን ሳጥን አተለቅኩት፣ ለውጡ የሚገርም ነው። ጎማው ላይ ደግሞ የሌሊት_ወፍ ያለውን አደረግኩ። ከባክግራውንዱ ላይ ሁለት ቁራጭ ቆርጬ በድሮው በተሳሳተው መንገድ አዞርኳቸው። እውነትም የሚዞር መሰለ።

ብቻ አንድ ነገር። እኔ ጋ ሲታይ ፍሬሞቹ ጥሩ ናቸው። ስልኬ ላይ ሳየው ግን የሉም ማለት ይቻላል። እንደ ክር ነው የቀጠኑት።

ጊምፐኛ፦

ስንት ፒክስል ፍሬም ነው? ፎቶውስ ስንት ነው?

ደብዛዛ_ፒክስል፦

ፍሬሙ 12፣ ፎቶው ወርዱ 4000። የላክሁት ግን ወርዱን 1080 አድርጌ ነው።

ጊምፐኛ፦

12ን በ1080 አባዢና ለ4000 አካፍዪ። 3 ፒክስል ገደማ ነው የሚቀርሽ። ስልክ ላይ 3 ፒክስል ምን ያህል ነው? የሚታይ 10 ፒክስል ከፈለግሽ ትልቁ ላይ 37 ገደማ መሥራት አለብሽ። ጥላውም እንደዚያው ነው፣ ርቀቱንም ብዥታውንም ከፍ አድርጊው። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚታይበትን መጠን አስቀድማችሁ አስቡ። ወይም እየሠራችሁ እይታውን ወደ 25 በመቶ ዝቅ እያደረጋችሁ እዩት።

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦

ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳነብ ነበር። ሳጥኖቹን እንዳሉ ትቶ ፎቶውን ብቻ በሌላ ፎቶ መቀየር ይቻላል?

ሦስተኛው_ሌየር፦

በናክአውቱ መንገድ አዎ። አዲሱን ፎቶ ባክግራውንዱ ላይ ለጥፍና ወደ ታች አዋህደው፣ ከዚያ የተጨለመውን ኮፒ በአዲሱ ተካ። በክሊፒንግ ማስክ የሠራህ ከሆነ ከማባዛትህ በፊት ፎቶውን ስማርት ኦብጀክት ማድረግ ነበረብህ። ያኔ ሁሉም ኮፒዎች ከአንድ ምንጭ ስለሚቀዱ አንዱን ሪፕሌስ ኮንቴንትስ ስትለው ሁሉም ይቀየራሉ። (አዎ፣ ቅድም ስማርት ኦብጀክትን አጥፊ ብያለሁ። እሱ ለጥላው ነው፣ ይሄ ለፎቶው።)

ደብዛዛ_ፒክስል፦

ፍሬሞቹን ወደ 36 አሳደግኳቸው። አሁን ስልክ ላይም ይታያሉ። ለወንድሜ አሳየሁት፣ «ይሄን ሁሉ ፎቶ መቼ ነው ያነሳሽኝ?» አለኝ።

ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ግን አየሁት። ፍሬሞቹ ሲወፍሩ የ14ኛው ሳጥን ጠርዝ የፊት ጥርሱ ላይ አርፏል። ልጁ ወላቃ መስሏል። ተመልሼ ልግፋው።